የጉዱ ካሳ ቃልና የገበሬዎቹ ሥራ፤ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ስላለው የሥልጣን ነገር

በአማርኛ ቋንቋ ከታተሙት የልብ ወለድ መጻሕፍት መካከል የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያህል በሕዝብ ዘንድ የታወቀ መጽሐፍ ማግኘት ያስቸግራል። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ያነበበው ሰው እጅግ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ስመ ጥሩው ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ስለ ተረከው፥ ገጹን ሳይገልጥ ታሪኩን በጆሮው የተቀበለውም ሰው ጥቂት አይደለም። በዛብህና ሰብለ ወንጌል፥ ፊታውራሪ መሸሻና ጉዱ ካሳ በዚህ ምክንያት የመጽሐፍ ሰዎች ብቻ ሆነው አልቀሩም፤ ሰው ጎረቤቱን ሲያማም ሲያደንቅም በስማቸው ይጠቀማል። ከልማድ ያፈነገጠ ነገር የሚናገረውን ሰው «ጉዱ ካሳ» ብሎ መጥራት የተለመደ ሆኗል።

ስለ መጽሐፉ የቋንቋ ጣዕምና ስለ ሁለቱ ወጣቶች ፍቅር ብዙ ተጽፏል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ያንን መድገም ሳይሆን አንድ ጥያቄ መመርመር ነው፤ ይኸውም በመጽሐፉ ውስጥ የሚያዝዘው ማን ነው? የሚታዘዘውስ የሚታዘዘው ስለ ምን ነው? የሚለው ነው። ጥያቄው ለታሪክ ተማሪ የሚገባበት ምክንያት አለው። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በ1966 ዓ.ም. አብዮት ከወደቀ ወዲህ፥ ይህ መጽሐፍ የሚመጣውን ነገር አስቀድሞ የተናገረ ትንቢት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ለዚህም ምስክር አድርገው የሚጠሩት ካሳን ነው። በእኔ አስተያየት ይህ አባባል ከእውነቱ ግማሹን ብቻ ይይዛል። ካሳ የሚናገረውን ለጊዜው ወደ ጎን ትተን ሰዎቹ የሚሠሩትን ብንመለከት፥ መጽሐፉ የሚነግረን ሌላ ነገር ነው። ይህንን ለማየት የውጭ አገር ሊቃውንት ስለ ተረት፥ ስለ ሥልጣንና ስለ ልብ ወለድ የጻፉት ይረዳናል፤ ርዳታው የሚያቆምበትም ቦታ አለ። (የውጭ መጻሕፍት የታተሙበት ዘመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ የቀረው ሁሉ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፏል።)

ታሪኩን በአጭሩ እናስታውስ። በዛብህ በማንኩሳ ከገበሬ ቤተ ሰብ የተወለደ ነው። እናቱ ውድነሽ በጣሙ ልጇ ቢያድግላት ለቤተ ክርስቲያን ልትሰጠው ተስላ ነበርና፥ በስእለቱ ታስሮ የቤተ ክህነት ትምህርት ይማራል። ኋላ በዲማ ጊዮርጊስ ሳለ፥ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ወደ ጌታው ቤት ይገባል። መምህርና ተማሪ ይዋደዳሉ። ነገሩ ሲገለጥ በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ይሸሻል፤ ሰብለም ቤቷን ጥላ ትከተለዋለች። ስታገኘው ግን ሽፍቶች አደጋ ጥለውበት ሊሞት ተቃርቧል። በዚህ የፍቅር ታሪክ መካከል ሌላ ታሪክ አለ፤ የፊታውራሪ መሸሻና የገበሬዎቻቸው ጠብ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ፊተኛው ሲያለቅስ ሁለተኛውን ይረሳዋል።

ሩሲያዊው ሊቅ ቭላዲሚር ፕሮፕ በ1928 ባሳተመው የተረት ጥናት፥ የአገሩን የአስማት ተረቶች እያነጻጸረ አንድ ነገር አስተማረ። በተረት ውስጥ ሰውየው ንጉሥ ይሁን ጠንቋይ ወይም ድብ፥ ዋናው ነገር ማንነቱ ሳይሆን በታሪኩ ውስጥ የሚፈጽመው ተግባር ነው። ፕሮፕ እነዚህን ተግባሮች ቈጥሮ 31 አደረጋቸው፤ የሚፈጽሟቸውንም ሰዎች በሰባት ክፍል መደባቸው። መጀመሪያ ላይ «ይህን አታድርግ» የሚል ክልከላ አለ፤ ክልከላው ይጣሳል፤ ጀግናው ከቤቱ ይወጣል፤ ይፈተናል፤ በመጨረሻ ያገባል፥ ዙፋንም ይወርሳል።

ይህ መለኪያ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ቢደረግ በመጀመሪያው ክፍል ያለ ችግር ይገጥማል። ክልከላው የእናት ስእለት ነው፤ የሚጣሰውም በፍቅር ነው። ከዚያ በኋላ ግን መለኪያው ይንገዳገዳል። ክፉው ሰው ማን ነው? ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው እንዳንል፥ ልጃቸውን የሚጎዷት ጠልተዋት ሳይሆን እንደ ልማዱ አክብረዋት ነው። በዛብህን የሚገድሉት ደግሞ ስምም መልክም የሌላቸው የመንገድ ሽፍቶች ናቸው። ጋብቻው አለ፤ ነገር ግን በሞት አልጋ ላይ የሚፈጸም ነው፤ ዙፋኑ ፈጽሞ የለም። እንግዲህ የፕሮፕ ትምህርት የሚጠቅመን የጎደለውን ነገር በማሳየቱ ነው። በተረት ውስጥ የድኻ ልጅ በብልኅነቱ ከፍ ይላል። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን በር ዘግተውታል። በሩ የተዘጋው ግን በአንድ ሰው ክፋት ካልሆነ በምንድን ነው? ለዚህ የተረት ሊቅ መልስ የለውም፤ መልሱን ስለ ሥልጣን ከጻፉት ሰዎች መፈለግ ያስፈልጋል።

ጀርመናዊው ማክስ ቬበር ከሞተ በኋላ በ1922 በወጣው መጽሐፉ፥ ሰዎች የሚታዘዙበትን ምክንያት በሦስት ከፍሎታል። አንዱ በተጻፈ ሕግ፥ አንዱ በሰውየው ልዩ የመንፈስ ኃይል፥ አንዱም በልማድ ነው። በልማድ ሥልጣን ሥር ያለ ሰው የሚታዘዘው ለሕግ አንቀጽ ሳይሆን ለጌታው አካል ነው፤ ይሁን እንጂ ጌታውም ነጻ አይደለም። ልማዱ ጌታ ያደረገው ሰው፥ ልማዱ ከወሰነው አልፎ ሲጠይቅ የቆመበትን መሬት ራሱ ይቈፍራል። ቬበር በዚህ ላይ የሚጨምረው ነገር ለጥናታችን ከሁሉ የበለጠ ነው። በልማድ አገዛዝ ውስጥ የሚነሣ እምቢታ የሚያነጣጥረው በአገዛዙ ላይ ሳይሆን፥ የልማዱን ወሰን በጣሰው በዚያ በአንዱ ጌታ ላይ ነው ይላል። ሰዎቹ አዲስ ነገር አይፈልጉም፤ የሚሉት «የጥንቱ ይጠበቅልን» ነው።

ፊታውራሪ መሸሻን በዚህ ትምህርት ብርሃን ስናያቸው፥ መጽሐፉ የሚስቅባቸው ሽማግሌ ብቻ ሆነው አይታዩንም። በልደታቸው እጅግ የሚኮሩ ሰው ናቸው። ሰብለን ለጋብቻ የጠየቀውን ሁሉ ዘሩ አይመጥንም እያሉ መልሰውታል፤ በዚህም የተነሣ ልጅቱ የማግቢያዋ ጊዜ እያለፈ በአባቷ ቤት ትቀራለች። ሥልጣናቸው መጀመሪያ የሚበላው የራሳቸውን ቤት ነው ማለት ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩአይነት ልጃቸው ስትጎዳ እያዩ የባላቸውን ቃል ሊያስለውጡ አይችሉም፤ ባልየውም ራሳቸው ቢፈልጉ እንኳ ቃላቸውን ለመለወጥ የሚችሉ አይመስሉም። ዘራቸውን ዝቅ ቢያደርጉ ጌትነታቸው የቆመበት ነገር ይፈርስባቸዋልና። ጌታው የልማዱ አዛዥ የሆኑትን ያህል እስረኛውም ናቸው።

አሁን ወደ ገበሬዎቹ እንሂድ። እዚህ ላይ ስለ መሬት ሥሪት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የመጽሐፉ ጠብ አይገባንም። የጎጃም ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ አልነበረም፤ ባለ ርስት ነበር። ርስት ከአባትና ከእናት ወገን በትውልድ የሚደርስ መብት ሲሆን፥ ከርስተኛው ሊነቀል የሚችል አይደለም ተብሎ ይታመን ነበር። ጉልተኛው ጌታ ደግሞ የመሬቱ ባለቤት ሳይሆን፥ ከዚያ መሬት የሚወጣውን ግብር እንዲበላና በሰዉ ላይ እንዲያዝዝ የተሾመ ሰው ነው። ስለዚህ በአንዱ ማሳ ላይ ሁለት መብቶች ተደራርበው ይኖሩ ነበር። የገበሬው ጥያቄ «መሬቴን መልስልኝ» የሚል አልነበረም፤ መሬቱ በእጁ ነውና። ጥያቄው «ምን ያህል ልስጥህ? እስከ የት ልታዘዝህ?» የሚል ነበር። የዚህ ጥያቄ መልስ በወረቀት አልተጻፈም፤ በሽማግሌዎች ትዝታ ውስጥ ነበር እንጂ።

በመጽሐፉ ውስጥ ጠቡ የሚነሣው በዚሁ ወሰን ላይ ነው። ፊታውራሪ ከተለመደው በላይ ይጠይቃሉ፤ ገበሬዎቹ ልማዱ ይህ አይደለም ብለው እምቢ ይላሉ። ፊታውራሪም ክብሬ ተነካ ብለው ይዘምቱባቸዋል፤ በአበጀ በለው የሚመሩት ገበሬዎች ግን ድል አድርገው ይማርኳቸዋል። ይህ ክፍል አንባቢውን የሚያስቀው ያህል ሊያስገርመውም ይገባል። ፊታውራሪውን በእጃቸው ያስገቡት ገበሬዎች ፊታውራሪነትን አያጠፉም። ርስትና ጉልት ይቅር፥ ሰው ሁሉ እኩል ይሁን የሚል አዋጅ አያወጡም። የሚሹት ከልማዱ በላይ የተጠየቁት ነገር እንዲቀርላቸው ነው። ቬበር የጎጃምን ገበሬ አያውቅም፤ የተናገረው ግን ከዚህ ጋራ ልክ ለልክ ይገጥማል።

የመጽሐፉ መውጫ ዘመን ይህን ነገር የበለጠ ያጎላዋል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ በአዲስ አበባ አደባባይ ሰልፍ ወጥተው ነበር። በ1958 ዓ.ም.፥ መጽሐፉ በወጣበት በዚያው ዓመት፥ የጉልት መብትን የሚያስቀር የመሬት ግብር አዋጅ ታወጀ። ስለዚህ ፊታውራሪ መሸሻ በመጽሐፍ ታትመው በወጡበት ዓመት ጉልተኝነታቸው በሕግ ቀረ ማለት ነው። ይሁን እንጂ የተማሪዎቹ ቃልና የመጽሐፉ ገበሬዎች ቃል አንድ እንዳልሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። «መሬት ለአራሹ» ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው ለደቡቡ ጭሰኛ ነበር፤ የመሬቱን ፍሬ ሢሶም ሆነ እኩሌታ ለባለ መሬት እየሰጠ፥ በማናቸውም ጊዜ ሊነቀል ይችል ለነበረው። የማንኩሳና የዲማ ገበሬ ግን አራሹም ባለ መሬቱም እርሱ ራሱ ነበር።

ስለ ሥራ ይህን ያህል ካልን፥ ስለ ቃል እንናገር። በልማድ አገዛዝ ውስጥ ሰው ያሰበውን ሁሉ አይናገርም። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በ1965 «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ፥ የአማራ ሕዝብ ሁለት ትርጕም ባለው አነጋገር የሚጠቀመው ለቅኔ ውበት ብቻ እንዳልሆነ አስረድቷል። በላይ ያለውን ሰው ሳይያዙ ለመንቀፍ የሚያስችል መንገድ ነውም ብሏል። ይህ ከተጻፈ ከ25 ዓመት በኋላ፥ በ1990፥ ጄምስ ስኮት የተባለው ሌላው አሜሪካዊ ስለ ገዢነትና ስለ እምቢተኝነት ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ ሐሳብ ለዓለም ሕዝብ ሁሉ የሚሆን አድርጎ አሰፋው። የተገዢ ሰው ንግግር ሁለት ነው፤ አንዱ ጌታው ፊት የሚነገር፥ ሌላው ጌታው ዘወር ሲል የሚነገር። ስኮት መጽሐፉን የሚከፍተው የኢትዮጵያ ነው ባለው ምሳሌያዊ አነጋገር ነው፤ ይኸውም ጌታ ሲያልፍ ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሣው ብልኅ ገበሬ በዚያችው ቅጽበት ምን እንደሚያደርግ የሚገልጽ ነው። ቃሉን እዚህ መድገም ለመጽሔታችን ጨዋነት አይስማማምና አንባቢው ራሱ ያስታውሰው።

ከዚህ አንጻር ካሳን ስንመለከተው ከሁሉ የተለየ ሰው ሆኖ እናገኘዋለን። ሌላው በጓዳ የሚለውን እርሱ በአደባባይ ይለዋል። የልደት ትምክሕት ከንቱ መሆኑን፥ ልማድ ተብሎ የሚከበረው ነገር ብዙውን ጊዜ የበላዮች ጥቅም መሆኑን፥ ሥርዓቱም እንዳረጀ ሕንጻ ሊፈርስ መቃረቡን ይናገራል። ሰምም የለው፤ ወርቁን ብቻ ያወጣዋል። ታዲያ ይህን ሁሉ እየተናገረ እንዴት ሊኖር ቻለ? መጽሐፉ ሁለት መልስ የሰጠ ይመስለኛል፤ ሁለቱም ስለ ሥልጣን ብዙ ያስተምራሉ።

የመጀመሪያው መልስ በስሙ ላይ ተቀጥሏል። ሰዉ «ጉዱ» ይለዋል። ፈረንሳዊው ሚሼል ፉኮ በ1961 ስለ እብደት ታሪክ ባሳተመው መጽሐፍ፥ እብድ የሚባለው ማን እንደ ሆነ የሚወስነው በሽታው ብቻ ሳይሆን ማኅበሩ ነው ይላል። በፓሪስ በ1656 አጠቃላይ ሆስፒታል የተባለው ድርጅት ተቋቁሞ እብዱና ድኻው፥ ሥራ ፈቱና ዋልጌው በአንድነት ሲዘጋባቸው፥ ማኅበሩ አእምሮ ያለው ማን እንደ ሆነ በግንብ ለየ። በዲማ እንደዚያ ያለ ሆስፒታል አልነበረም፤ አያስፈልግምም ነበር። የግንቡን ሥራ አንድ ቅጽል ሠራው። ጉድ የተባለ ሰው ቢናገር ንግግሩ ይሰማል፥ ይሣቅበታል፥ ይደነቃልም፤ ግን እንደ ክርክር ተቆጥሮ መልስ አይሰጠውም። «ዋሽተሃል» ብሎ የተከራከረ ሰው ቢያንስ አክብሮታል፤ «ጉድ ነህ» ያለው ግን ከክርክሩ አውጥቶታል። እንግዲህ ስሙ ካሳን በአንድ በኩል ጠበቀው፤ በሌላ በኩል አፉን ሳይዘጋ ዝም አሰኘው።

ሁለተኛው መልስ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ካሳ የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ ነው። የልደትን ክብር የሚነቅፈው በልደቱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነው። ያንኑ ቃል አንድ ገበሬ በፊታውራሪ ግቢ ቆሞ ተናግሮት ቢሆን፥ «ጉድ» ተብሎ የሚታለፍ አይመስለኝም፤ ጀርባው በጅራፍ ይቀደድ ነበር። ስለዚህ የካሳ ነጻነት ራሱ የሚነቅፈው ሥርዓት ስጦታ ነው። ይህን ስል ካሳን ለማሳነስ አይደለም፤ ደራሲውም ራሳቸው ከዚህ የራቁ አልነበሩም። ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም ተወልደው የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ፥ ጣልያን አገራችንን በወረረበት ዘመን ተማርከው በጣልያን አገር የታሰሩ፥ ኋላም በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ሥርዓቱን የነቀፉት ከውስጡ ሆነው ነው፤ ነቀፋውንም ባለፈ ዘመን በኖረ፥ ሰው በሚስቅበት ባለታሪክ አፍ አደረጉት። ያ በራሱ አንድ ሰምና ወርቅ ነው።

አሁን የጽሑፉ ዋና ነጥብ ላይ ደርሰናል። በመጽሐፉ ውስጥ ሥርዓቱን ከሥሩ የሚነቅፈው ካሳ ነው፤ ጌታውን የሚማርኩት ግን ገበሬዎቹ ናቸው። ገበሬዎቹን ያስነሣቸው የካሳ ትምህርት አይደለም። ካሳም የገበሬዎቹ መሪ አይሆንም፤ ድካሙና ሐሳቡ የሚውለው በሁለቱ ወጣቶች ላይ ነው። ልማድን የሚያፈርስ ቃል አለ፤ በልማድ ስም የሚሠራ ሥራ አለ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ያልፋሉ። አብዮት የምንለው ነገር የሁለቱ መገናኘት ከሆነ፥ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አብዮት የለም። ትንቢት ነው የሚሉት ሰዎች የካሳን ቃል ወስደው በገበሬዎቹ አፍ ያደረጉት ይመስላል።

ሊያገናኛቸው የሚችል ሰው ነበረን? የሃንጋሪው ሊቅ ጊዮርጊ ሉካች በ1937 ስለ ታሪካዊ ልብ ወለድ በጻፈው ጥናት፥ ታላላቅ ደራስያን በታሪኩ መካከል የሚያቆሙት ሰው ጀግና ሳይሆን መካከለኛ ሰው ነው ይላል። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፥ እንዲህ ያለው ሰው በሁለቱ ጠበኛ ወገኖች ዘንድ ይገባል ይወጣል፤ በእርሱ በኩል አንባቢው ሁለቱንም ያያል ይላል። በዛብህ ይህን ቦታ ይዟል። ከገበሬ ተወልዶ በጌታ ቤት ይኖራል፤ የቤተ ክህነት ትምህርቱም መውጫ መሰላል ሆኖለታል። የካሳ ወዳጅም ነው፤ ስለዚህ ቃሉም ሥራውም በእርሱ ዘንድ ሊገናኙ ይችሉ ነበር። አልተገናኙም። በዛብህ ዓለሙን ሁሉ በሰብለ በኩል ያየዋል፤ የተቀረውን ኃይሉን የሚበላበት ደግሞ ስእለቱ ነው። በዚህ ላይ የሉካች መለኪያ ይጎድላል፤ መካከለኛው ሰው በሁለት ወገኖች መካከል ብቻ እንደሚቆም ያስባልና። በዛብህን የያዘው ሦስተኛ ነገር ነው። እርሱም በእናትና በእግዚአብሔር መካከል የተደረገ፥ ልጁ ያልተጠየቀበት ውል ነው። ፊታውራሪን መሸሽ ይቻላል፤ አዲስ አበባም ሩቅ ናት። ከእናት ስእለት ወዴት ይሸሻል?

ከዚህ ሁሉ ባለታሪክ መካከል ቃልንና ሥራን ያገናኘች አንዲት ሰው አለች፤ ሰብለ ወንጌል። በመጀመሪያ ስናያት ሌሎች የሚወስኑላት ልጅ ናት። ኋላ ግን የአባቷን ቤት፥ የልደቷን ክብርና የሴትነት ልብሷን ጥላ፥ መነኩሴ መስላ ወደማታውቀው አገር ትነጕዳለች። ለዚህ የሚሆን ንግግር አታደርግም። የመረጠችውም ልብስ ሊጤን ይገባል፤ መነኩሴን ማንም አቁሞ «የማን ልጅ ነሽ» ብሎ አይጠይቅም። የአባቷን ሥርዓት ለማምለጥ ከዚያው ሥርዓት የተከበረውን ልብስ ተዋሰች። ገበሬዎቹ በልማድ ስም ጌታውን እንደ ተቃወሙ፥ እርሷም በቆቡ ሥር ሆና ጌታውን አመለጠች። ሐያስያን ስለ ካሳ የጻፉትን ያህል ስለ ሰብለ ቢጽፉ ኖሮ፥ በመጽሐፉ ውስጥ ስላለው ሥልጣን የምናውቀው የበለጠ ይሆን ነበር እላለሁ።

መጽሐፉ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ በጎጃም የሆነውን ነገር ማንሣት ተገቢ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፥ በሞጣ፥ በቢቸናና በዳሞት አውራጃዎች ገበሬው እምቢ ብሎ ተነሣ። ዲማ በቢቸና፥ ማንኩሳ በዳሞት መሆናቸውን እዚህ ላይ ማስታወስ ይበቃል። ገበሬው የፈራው የብሩን መጠን ብቻ አልነበረም፤ ለግብሩ ሲባል መሬቱ ቢለካ ርስቱን ያጣ መሰለው። መንግሥት ፖሊስና ጦር ሠራዊት ላከ፤ አውሮፕላንም ጭምር ተጠቀመ። በመጨረሻ ግን አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ተሰረዘ። ይህንን እምቢታ ከትግራይና ከባሌ ጋራ አነጻጽረው በ1991 ያጠኑት ገብሩ ታረቀ እንዳሳዩት፥ የጎጃም ገበሬ ሥርዓቱን ለመገልበጥ አልተነሣም፤ የነበረውን ለመጠበቅ እንጂ። ንጉሠ ነገሥቱ ይውረዱም አላለም።

ልብ ወለዱ እምቢታውን አመጣው ማለት አይቻልም፤ ለማለትም ምንም ማስረጃ የለም። የሚቻለው ይህን ማለት ነው። ደራሲው የተወለዱበትን አገር ገበሬ በሚገባ ያውቁት ነበርና፥ ሲነሣ በምን ስም እንደሚነሣና ምን አግኝቶ እንደሚመለስ አስተካክለው ጽፈዋል። በ1966 ዓ.ም. ዙፋኑን ያናወጠው ግን ከዚህ የተለየ ሕዝብ ነበር፤ ወታደሩ፥ ተማሪው፥ መምህሩ፥ የአዲስ አበባ ባለ ታክሲ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን፥ አዋጁን ይዘው ወደ ገጠር የሄዱት በዕድገት በኅብረት ዘመቻ የተሰማሩ ተማሪዎች ነበሩ። የካሳን ቃል የሚመስል ቃል ለገበሬው የደረሰው ያን ጊዜ ነው፤ የደረሰውም ከተማ ባደገ ልጅ አፍ፥ የመንግሥት ማኅተም ታትሞበት ነበር።

በመጽሐፉ መጨረሻ ካሳን የምናገኘው ከሁለቱ ፍቅረኞች መቃብር ዘንድ ነው። አበጀ በለውና ገበሬዎቹ እዚያ የሉም፤ ድል ካደረጉ በኋላ ወደየእርሻቸው ተመልሰዋል።